ሣጥኑንም ስጪው

እማየ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

«ዕቃው ነፍሴን ያዛት፤ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ የሣጥኑን ቁልፍ ወገቤ ላይ እዳስሳለሁ» ያልሽኝን ይዤ ነው የምጽፍልሽ። ዓለም በቃኝ ብለሽ ግን ሁሉን በአንድ ቀን እንዳትበትኚው። በችኮላ የሰጡት ይቆጫል፤ ወር ሳይሞላ ገበያ ወርደው ይተኩታል። ከነነዌ ጾም እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ሁለት ሳምንት ለመለየት ይበቃሻል፤ መስጠቱን በ55ቱ ቀን ውስጥ ቀስ እያልሽ አድርጊው።

ከእህሉ ጀምሪ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢታሰብ በዓመት 180 ኪሎ ገደማ ነው። ለእንግዳና «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅሽ ለሚቆመው የቆሎ ተማሪ ጨምረሽ 3 ኩንታል ያዢ። ከተረፈው በቆሎው አሁኑኑ ይውጣ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ነቀዝ ይፈላበታል። እጅሽን ከተሽ ስታወጪ ዱቄት ከተከተለሽ ዘግይተሻል። ጤፉን ግን ነቀዝ አይደፍረውም፣ እሱን ለሐምሌና ለነሐሴ አቆዪው። በየካቲት የሁሉም ጎተራ ሙሉ ነው፤ አገሬው የሚቸገረው አዲሱ እህል ሳይደርስ በክረምቱ ነው።

ከልብስ የሚለበስ አንድ፣ የሚታጠብ አንድ፣ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ነጠላ ይበቃሻል። መጥምቁ ዮሐንስ ከሁለቱ አንዱን ስጡ ነው ያለው፤ ቅያሪ የተውኩልሽ እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

የአባየን በርኖስ ግን ዛሬውኑ ከሣጥን አውጪው። ብል የሚወደው ሱፍ ነው፤ ያውም ላብ የነካውን፣ ታጥፎ ጨለማ ውስጥ የተኛውን። ፀሐይ ላይ ዘርጊና ከአንገትጌው ሥርና ከእጥፋቱ መስመር ላይ በጣትሽ ፈልጊ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካገኘሽ በደንብ ቦርሺው፣ አራግፊው። ደኅና ከሆነ ሌሊት ብርድ ላይ ለሚያድረው ለደብሩ ዘበኛ ይሆናል። ተበስቶ ከሆነ ለጉልበትሽ መሸፈኛ አድርጊው እንጂ ምጽዋት ብለሽ አትስጪው፤ የተበሳ የተቀበለ ሰው ውለታው ይከብደዋል እንጂ አይሞቀውም።

ጋኖቹን ለሰንበቴው ስጪ። ለተዝካር ብለሽ እንዳቆየሻቸው አውቃለሁ፣ ሲያስፈልግ ከዚያው እንዋሳለን።

የመሬት ደብተሩና የባንክ ደብተሩ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ከእኛና ከንስሐ አባትሽ ጋር ሳትመክሪ በስጦታ ስም አሻራሽን የትም እንዳታሳርፊ፤ በዚህ የተለያየ ወንድማማች ብዙ ነው።

ሣጥኑ ጎድሎ ስታዪው መሙላት ያምርሻል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሣጥኑንም ስጪው፣ ከነቁልፉ። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ስትፈልጊ የምታባክኛት ሰዓት ለዕለቱ ውዳሴ ማርያም ትበቃለች።

በርኖሱን ከመስጠትሽ በፊት ግን ደውይልኝ። ታላቅ ወንድሜ አንድ ጊዜ ሊያየው ይፈልግ ይሆናል።

ልጅሽ