ሥራ ስንለቅ ሕክምናችን ለምን አብሮ ይቋረጣል?

ለአዘጋጁ፦

ሥራ ስለሚለቁ ሠራተኞች ክፍያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የጤና መድኑ ነገር ግን ተረስቷል።

የዛሬ ሦስት ወር ስታዲየም አካባቢ ካለ ቢሮ ሥራ ለቀቅኩ። በሳምንቱ የልጄ አስም ተነሳባትና አቅፌያት በመሥሪያ ቤቴ መድን ወደለመድነው ክሊኒክ ሮጥኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቁጥሬን አስገብታ ስክሪኑን አየችና “ከዝርዝሩ ወጥተዋል፣ በካሽ ነው የሚከፍሉት” አለችኝ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ሆና ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። ከፈልኩ። ኪሱ ባዶ የሆነ አባትስ ምን ያደርጋል?

ወረዳ ሄጄ መደበኛ ደመወዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች ስለተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ስጠይቅ የምዝገባው ወቅት አልፏል ተባልኩ። ሥራ ማጣት እኮ ወቅት ጠብቆ አይመጣም! ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ደግሞ አዋጁ (ቁጥር 690) የወጣው በ2002 ዓ.ም. ቢሆንም አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲጓተት ስለኖረ፣ ብዙዎቻችን ያለን መድን አሠሪው በፈቃዱ የሚገባልን ብቻ ነው፤ እሱም ከሥራው ጋር አብሮ ያበቃል።

ስለዚህ ወረዳዎች የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዞ በ30 ቀን ውስጥ የመጣን ሰው በየትኛውም ወር ይመዝግቡ። አሠሪዎችና የመድን ድርጅቶችም፣ ሠራተኛው አረቦኑን (የመድኑን ክፍያ) ራሱ እየከፈለ ቢያንስ ለሦስት ወር በቡድን መድኑ እንዲቆይ የሚፈቅድ አንቀጽ ውላቸው ውስጥ ያስገቡ።

አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ