ለሌሊት ተረኛ አባሎቻችን

የተከበራችሁ አባላት፣

በመኖሪያ እንክብካቤ ማዕከላት በሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ አባላት የምታነሷቸውን ጥያቄዎች መነሻ በማድረግ ይህን መልእክት ጽፈንላችኋል።

ነዋሪዎቹ ስለሚተኙ የሌሊት ሥራ ቀላል ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ራሳቸውን መገላበጥ የማይችሉ ነዋሪዎች የአልጋ ቁስል እንዳያገኛቸው በእንክብካቤ ዕቅዳቸው መሠረት፣ ብዙ ጊዜም በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ፣ ጎናቸውን መለወጥ ያስፈልጋል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ደግሞ ሲመሽ ግራ መጋባታቸው ሊብስ ስለሚችል፣ በእኩለ ሌሊት ተነሥተው "ወደ ቤቴ ልሂድ" ሲሉ ከመከራከር ይልቅ በለሆሳስ ማነጋገር፣ ውኃ ጠምቷቸው፣ መጸዳጃ ቤት ፈልገው ወይም አሟቸው እንደሆነም ማጣራት ይበጃል። ይህን ትዕግሥት ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ እኛ ግን ዋጋውን እናውቃለን።

ንቃት እጅግ የሚቀንሰው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ መድኃኒት ስትሰጡ ስሙንና መጠኑን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ ሁለት ሰው የሚጠይቅ የማንሣት ሥራንም ብቻችሁን አትሞክሩ። ከካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በፈረቃው ማብቂያ የሚጠጣ ቡና የቀን እንቅልፋችሁን ይሻማል። እንቅልፍ እየተጫናችሁ መኪና አትንዱ።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሌሊት ፈረቃ ሥራን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉ ነገሮች ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. መድቦ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል። ስለዚህ መደበኛ የጤና ምርመራና በቂ የዕረፍት ቀን መጠየቅ መብታችሁ እንደሆነ እናምናለን፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂውንም ለእኛ ላኩልን።