ጓያም ገበያ ሳይወጣ ይመርመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳርቻ ያሉ አገሮች ዛጎል ለበስ እንስሳትን ለሽያጭ ከማቅረባቸው በፊት መርዝ ይኑርባቸው አይኑርባቸው በላቦራቶሪ የሚፈትሹበት አሠራር ለወሎ ሰው የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ አብዛኞቻችን እንኳን ልንበላቸው በዓይናችንም አላየናቸውም። እኔ ግን ደሴ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ፣ ስለዚህ ምርመራ ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጓያ ነው።

በ1980 ዓ.ም. በካናዳ ከፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የመጣ ዛጎል ለበስ የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ የሞቱም፣ የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡም ነበሩ። የምግቡ ጭማቂ ሆዳቸው ላይ የተወጉ የላቦራቶሪ አይጦች በኋላ እግራቸው ትከሻቸውን ሲያኩ ታዩ፤ ምልክቱ ከተለመደው የዛጎል መርዝ የተለየ በመሆኑ ኬሚስቶች ፍለጋቸውን ቀጥለው ዶሞይክ አሲድን አገኙ። ይህ መርዝ፣ ልክ በጓያ ውስጥ እንዳለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ፣ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ መስሎ ገብቶ የነርቭ ሴሎችን ከልክ በላይ የሚቀሰቅስ ነው። ዛሬ በአውሮፓ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ዶሞይክ አሲድ ያለበት ምርት አይሸጥም።

በእኛ በኩል በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ወሎ፣ ደላንታና ዳውንት ላይ ብዙ ሰው በጓያ እግሩ ተያዘ። ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በጣታቸው እየረገጡ፣ በምርኩዝ የሚሄዱትን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጓያ ሌላው አዝመራ ሲከዳ ብቻውን የሚቆም እህል ነው፤ ድርቅ ደግሞ መርዙን ሊያበዛው ስለሚችል፣ መርዙ አነስተኛ የሆነ ዘር ማከፋፈል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ምርቱ ራሱ በየዓመቱ መለካት አለበት።

መለኪያው ደግሞ ረቂቅ አይደለም። ከጓያው ዱቄት የወጣው ፈሳሽ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከፈላ በኋላ ኦርቶ ፍታላልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል ሲጨመርበት ቢጫ ይሆናል፤ የቢጫው ድምቀት በ420 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለ የብርሃን መለኪያ ይነበባል። ኦዳፕ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ዘዴው ጎጂውን ቤታ ከአልፋው አይለይም፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ማጣሪያ፣ በከንቱ መጠርጠር መርዛማውን ከማሳለፍ ይሻላል። ዛጎል መርማሪዎቹም ቢሆኑ በፈጣን ዘዴ አጣርተው የተጠረጠረውን ነው ወደ ውድ መሣሪያ የሚልኩት።

የተራበን ሰው ጓያ አትብላ ማለት አይቻልም፤ እኔም እንዲከለከል አልጠይቅም። የምጠይቀው የዞኑ ግብርናና ጤና ኃላፊዎች አዝመራ እንደተሰበሰበ ከየወረዳው ናሙና አስለክተው ውጤቱን በገበያ ቀን እንዲያስነግሩ ነው፤ መርዙ በዝቶ የተገኘበት አካባቢ እናቶች ጓያውን ዘፍዝፈው ውኃውን እንዲደፉና ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር እንዲቀላቅሉ ጊዜው ሳያልፍ ይነገራቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ