ቫኑን በስሜ አላደርገውም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ሰላም ብላሃለች፣ ጉንፋኑም ለቋታል።

ቅዳሜ ደውለህ የቫንህን ኢንሹራንስ በአንተ ስም እናውጣው ስትለኝ ሥራ ላይ ስለነበርኩ "አይሆንም" ብዬ ብቻ ዘጋሁት። ቅር እንዳለህ ገብቶኛል። አሁን ምክንያቱን ተረጋግቼ ልንገርህ።

የኢንሹራንሱ ዋጋ እኔንም አስደንግጦኛል። የ19 ዓመት ልጅ፣ መንጃ ፈቃዱን በቅርብ ያወጣ፣ የለንደን አድራሻ፣ በዚያ ላይ የሥራ ቫን። የቫኑን ዋጋ ግማሽ ቢጠይቁህ አይገርምም። በኢንሹራንሱ ዋጋ ላይም 12 በመቶ የመንግሥት ግብር ይጨመርበታል። ጓደኞችህ "በአባትህ ስም አድርገው፣ አንተ ተጨማሪ ሹፌር ሆነህ ግባ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" ማለታቸውም አይገርመኝም። የብዙ ዓመት ኖ ክሌም፣ ማለትም ካሳ ሳልጠይቅ በመቆየቴ የማገኘው ቅናሽ፣ አለኝ፤ በእኔ ስም ቢሆን ዋጋው እንደሚወርድ አውቃለሁ።

ግን ቫኑን በየቀኑ የምትነዳው አንተ ነህ። ዋናው ሹፌር እኔ ነኝ ብዬ ብፈርም ውሸት ነው። እዚህ አገር ፍሮንቲንግ ይሉታል፤ እንደ ማጭበርበር ነው የሚቆጠረው። አደጋ እስኪደርስ ማንም አይጠይቅህም፤ ክፋቱም እሱ ነው። የደረሰ ዕለት መርማሪው ሁለት ቀላል ነገር ይጠይቃል፦ ቫኑ የት ያድራል? ውስጡ ያለው ዕቃ የማን ነው? ያንተ ድሪልና የኤሌክትሪክ ገመድ ሞልቶበት እኔ ሚኒካብ ነጂው ምን ልመልስ? ውሉን ያፈርሱታል። ለተጎዳው ሰው ከፍለው ገንዘቡን መልሰው ከእኛ ሊጠይቁ ይችላሉ። ከዚያ ወዲያ "ኢንሹራንስ ተሰርዞብህ ያውቃል?" ሲሉኝ አዎ ልል ነው። እንጀራዬ ያለ ኢንሹራንስ አይንቀሳቀስም፣ ልጄ።

ያንተ ደግሞ ይብሳል። ያለ ኢንሹራንስ ስትነዳ ከተያዝክ 300 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃድህ ላይ የሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ (ፖይንት) ነው፤ ፖሊስ ቫኑንም ሊወስደው ይችላል። ፈተና ካለፍክ በ2 ዓመት ውስጥ 6 ፖይንት ከሞላብህ ደግሞ መንጃ ፈቃድህ ይሰረዛል። የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደገና ልትጀምር ነው። በፍጥነት ፖይንት ከተሰጠህም ቢያንስ 3 ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይበቃሃል። እግረ መንገዴን፦ መሐሉ ባልተከፈለ የገጠር መንገድ መኪና 60 ማይል ሲፈቀድለት አብዛኛው ቫን 50 ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው የቅጣት ደብዳቤው ቤቱ ሲደርስ ነው።

ኢንሹራንሱን በስምህ አውጣው። ቅጹ ላይ ለምን እንደምትጠቀምበት ሲጠይቁህ አትቸኩል። ወደ ሥራ መመላለስ የሚለው አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ላለው ሰው ነው፤ አንተ ዛሬ ክሮይደን ነገ ዌምብሊ ነህና አይሸፍንህም። የራስን የሥራ ዕቃ መጫንን የሚሸፍነውን ምረጥ። ማታ ማታ ፓርሴል ላድርስ ያልከው ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው ዕቃ በክፍያ ማመላለስ ራሱን የቻለ ሽፋን ይፈልጋል፤ ያለዚያ ኢንሹራንስ እንደሌለህ ነው የሚቆጠረው። ለጊዜው ተወው ባይ ነኝ።

እኔን ተጨማሪ ሹፌር አድርገህ አስገባኝ። አንዳንዴ እውነትም ስለምነዳው ይህ ሕጋዊ ነው፤ ዋጋውንም ሊቀንስልህ ይችላል። ብላክ ቦክስ፣ ማለትም አነዳድህን የሚመዘግብ መሣሪያ፣ የሚገጥም ኢንሹራንስ ካገኘህ አትጥላው። እየሰለለኝ ነው ትላለህ፤ እናትህ ከዚያ በላይ ትሰልልሃለች። የሦስተኛ ወገኑ ይረክሳል ብለህ ሙሉውን ሳታይ እንዳታልፍ፤ ለወጣት አንዳንዴ ሙሉው ይረክሳል። ኤክሰስ፣ ማለትም አደጋ ሲደርስ ከኪስህ የምትከፍለውን ድርሻ፣ ከፍ ስታደርግ ወርሃዊው ክፍያ ስለሚቀንስ ደስ ይልሃል፣ ግን የግዴታውን፣ አንተ የጨመርከውንና ለወጣት ሹፌር የሚጨምሩትን ደምረህ እይ። በአደጋ ቀን ከኪስህ የሚወጣው ድምሩ ነው። ጣሪያው ላይ የመሰላል መጫኛ ካስገጠምክም ንገራቸው።

ድሪሎችህን ቫን ውስጥ አታሳድር። የቫን ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የሥራ ዕቃን አይሸፍንም፤ ለብቻው ብትገዛም ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረውን የማይከፍሉ አሉ።

በወር በወር ከከፈልክ ወለድ ይጨምሩብሃል። ስለዚህ የዓመቱን ግማሽ እኔ እሰጥሃለሁ፣ ግማሹን አንተ አምጣና በአንዴ እንዝጋው። ከመክፈልህ በፊት ግን የሞላኸውን ቅጽ በዋትስአፕ ላክልኝ፤ አብረን እናንብበው።

አባትህ