ሁለት ካርድ በጠባብ ኬዝ ለምትሸጡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣ ላይ ስለ ጌሚንግ ኮምፒውተር ሲጻፍ ዋጋውና ፍጥነቱ ብዙ ይባልለታል፣ ሙቀቱን ግን ማንም አያነሳውም፣ ሰው ግን ገንዘቡን እያጣ ያለው በዚሁ ስለሆነ እስቲ ትንሽ ቦታ ስጡኝ።

እዚህ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ አብዛኞቻችን ቤታችን ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ኬዝ (የኮምፒውተር ሳጥን) ነው የምንፈልገው። ሻጮቹም ይሄን ስለሚያውቁ ያገለገሉ ግራፊክስ ካርዶችን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠሩትን ክፍሎች፣ ሁለት ሁለት እያደረጉ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባል ትንሽ ኬዝ ውስጥ ይከቱና "ደብል ካርድ ነው" ብለው ያስረክባሉ። እኔም አንዱን ገዝቼ ቀን ቀን ብሌንደር በሚባል የ3ዲ ፕሮግራም የቤት ዲዛይን ሬንደር አደርግበታለሁ (ዲዛይኑን ወደ ምስል እቀይርበታለሁ)፣ ማታ ጌም እጫወትበታለሁ። ካርዶቹ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ናቸው፣ የ2017 ምርት፣ አንዱ ብቻውን እስከ 250 ዋት ይበላል ሁለቱ ሲሆኑ 500፣ የበሉት ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ያውም እዛች ሚጢጢ ሳጥን ውስጥ!

ሥራ ሲበዛባቸው የታችኛው ካርድ 70 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል፣ የላይኛው ግን 84 ይገባና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙም መንቀርፈፍ ይጀምራል። ጎኑን ከፍቼ ሳየው በሁለቱ ካርዶች መሃል ጣት እንኳ በቅጡ አይገባም፣ የላይኛው ፋን የሚስበው ከታችኛው ጀርባ የሚነሳውን ትኩስ አየር ነው። የገዛሁበት ሱቅ ስመልሰው "ኖርማል ነው፣ ፋን ጨምርበት" አሉኝ። ትኩሱን አየር እዛው የሚያሽከረክር ፋን ምን ይሠራልኛል? አየሩ መግቢያና መውጫ ነው የሚያስፈልገው። ለእንደዚህ ዓይነት ኬዝ የሚሆነው ብሎወር የሚባለው ባለ አንድ ፋን ካርድ ነው፣ ሙቀቱን በኋላ በኩል ከኬዙ ውጪ ይተፋዋል፣ ይጮሃል እንጂ አጠገቡ ያለውን ካርድ አያግለውም። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፋኖቹ ለብቻቸው ሲሆኑ በጣም ጥሩ ናቸው፣ ተጣብቀው ሲቀመጡ ግን ሙቀቱን እዛው ኬዝ ውስጥ ነው የሚበትኑት።

ደግሞ የከተማችን ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ፋኑ በዛው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣለት አየር ያንሰዋል ማለት ነው፣ ውጭ አገር ተሞክሮ "ይችላል" የተባለ ኬዝ እዚህ ላይችል ይችላል። ብርዱ በርግጥ ያግዘናል። አቧራው ግን አያግዘንም፣ "ጎኑን ከፍተህ ቬንትሌተር ደቅንበት" የሚል ምክር የሚሰጡ ሰዎች ይሄን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ጎኑን መክፈት ለሙከራ ነው የሚጠቅመው፣ ተከፍቶ ሙቀቱ በደንብ ከወረደ ችግሩ የአየር መተላለፊያ ነው፣ ካልወረደ ፋኑና ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚበትነው ብረት) በአቧራ ተደፍኗል ወይም ቴርማል ፔስቱ (ከቺፑ ወደ ብረቱ ሙቀት የሚያሳልፈው ቅባት) ደርቋል።

ለኔ ብዙ የረዳኝ ምንም ብር የማያስወጣው ነገር ነው፣ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሁለቱንም ፓወር ሊሚት (ካርዱ የሚበላውን የኃይል ጣሪያ) ወደ 75 ፐርሰንት አወረድኩት፣ አሁን የላይኛው ከ80 በታች ነው የሚውለው፣ ከፍጥነቱ የቀነሰው ደግሞ ይሄን ያህል የሚያስቆጭ አይደለም።

ለጌም ብቻ ለሚገዛ ልጅ ግን ሁለት ካርድ መሸጥ ተገቢ አይመስለኝም። አዳዲስ ጌሞች አብዛኞቹ ሁለተኛውን ካርድ ጭራሽ አይጠቀሙበትም፣ ኤንቪዲያ ራሱ በ2022 ባወጣው አርቲኤክስ 4090 ላይ ሁለት ካርድ የሚያገናኘውን ማያያዣ አስቀርቶታል። ሬንደር ለሚያደርግ ሰው ሌላ ነገር ነው፣ ብሌንደር ሁለቱንም ያሠራቸዋል። ልጁ ግን የሚከፍለው ለሙቀትና ለመብራት ነው።

ሻጮችን የምጠይቀው ቀላል ነው፣ ከማስረከባችሁ በፊት ሁለቱንም ካርዶች ግማሽ ሰዓት ሎድ አድርጋችሁ (በከባድ ሥራ አስጨንቃችሁ) የእያንዳንዱን ሙቀት ለገዢው አሳዩት። እናንተም ስለ ዕቃዎቹ ስትጽፉ ይሄንን ጠይቁልን። ገዢዎችም ስታስሞክሩ ኬዙ ግጥም ተደርጎ ይዘጋ፣ ክፍት ሆኖ የታየ ቁጥር አይቆጠርም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ