ማኅተሙም የእናንተ፣ መርዙም የእናንተ

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ
ግልባጭ፦ ለእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤ እንዲሁም ሦስቱን ማመልከቻዎቼን ተቀብሎ የት እንዳደረሳቸው ላልነገረኝ መዝገብ ቤት
ሰሜን ሸዋ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ክቡር ከንቲባ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያውን መጋቢት 22፣ ሁለተኛውን ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ 20፣ ሦስተኛውን ሰኔ 2 ቀን አስገብቻለሁ። ሦስቱም ገቢ ተደርገው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መልስ ግን የላቸውም። ስለዚህ አራተኛውን መዝገብ ቤት አልወሰድኩትም፤ አደባባይ አወጣሁት። የከተማዋን ስም አልጻፍኩም። እርስዎ ያውቁታል፤ ሌላው አንባቢ ደግሞ የራሱን ከተማ ስም ቢተካበት ብዙ የሚሳሳት አይመስለኝም።

የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። እዚህ ላይ ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛም ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ለውሻ ነው እንዲህ የሚመላለሱት?» ብሎኛል። አባቶቻችን ጠያቂ ያጣ ሞትን «ደመ ከልብ»፣ የውሻ ደም፣ ይሉታል። የእኔ ጉዳይ እንኳን በምሳሌ ሳይሆን ቃል በቃል እሱው ነው፤ ጠያቂ ግን አላጣም። ጠያቂው እኔ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል።

ውሻው መቻል ይባል ነበር። አፈ ጥቁር፣ ቡላ፣ ስድስት ዓመት የሞላው የአገራችን ውሻ። ኅዳር 17 ቀን በገመድ ይዤው ሄጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋሁት። የተሰጠኝ ካርድ አሁንም ፊቴ ነው። ቀለም በሚለው ቦታ «ቡላ»፣ ባለቤት በሚለው ላይ የእኔ ስም፣ ከግርጌው ክብ ማኅተም። ማኅተሙ የእናንተ ነው። ገንዘብ ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ባለሙያዋ አንገቱ ላይ ቀይ የጨርቅ ማሰሪያ አሰረችለትና «የተከተበ መሆኑ እንዲታወቅ ነው» አለችኝ። ማን እንዲያውቀው እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

መጋቢት 17 ቀን፣ ረቡዕ ማምሻውን፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና «ውሻ ያላችሁ እሰሩ» እያለች በዋናው አስፋልት አንድ ጊዜ አለፈች አሉ። አሉ ነው የምለው፤ እኛ ከወንዙ ማዶ ነን፣ አልሰማንም። ባንሰማም መቻል ታስሮ ነበር። ሰንሰለቱ በሩ ድረስ ታደርሰዋለች፣ ከበሩ አታልፍም። ሥጋው የተጣለው ከቆርቆሮው በር ሥር፣ በስንጥቁ አፍንጫ በምታልፍበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል፣ ከተማው ሽሮና ምስር ይበላል። በዚያ ሰሞን ለሥጋ ገንዘብ ያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ሰንሰለቱ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነቃሁ። በባትሪ ሳየው አራት እግሮቹ እንደ ፍልጥ ደርቀዋል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፣ ዓይኑ ግን ያያል። አወቀኝ። «መቻል!» ብዬ ስጠራው መላ ሰውነቱ ተገተረ። ዝም ስል ረገብ አለ። ባለቤቴ ልትዳብሰው እጇን ስታሳርፍበት እንደገና ተገተረ። ምክንያቱን ባናውቅም ነገሩ ገባን፤ ስሙን መጥራት አቆምን። ሁለት ሽማግሌዎች በዚያ ብርድ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ እንዳንነካው፣ እንዳናናግረው ተጠንቅቀን ቆመን ሲሞት አየነው። ወፍ ሲንጫጫ አለቀ። በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ የነገርኩትን ምልክት ሰምቶ «ስትሪክኒን ነው» አለኝ። ይህ መርዝ የገባበት እንስሳ ድምፅ ሲሰማና ሲነኩት ይብስበታል፤ ራሱን ሳይስት የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ደርቀው አየር አጥሮት ይሞታል። ማለት፣ ስሙን በጠራሁት ቁጥር ያሠቃየሁት እኔ ነበርኩ። ይህንንም እናንተ ናችሁ ያስደረጋችሁኝ።

ረፋዱ ላይ ትራክተር መጣ። ጓንት የሌላቸው ሁለት የቀን ሠራተኞች የኋላ እግሮቹን ይዘው ወደ ተጎታቹ ወረወሩት። አንደኛው ቀዩን ማሰሪያ አየና «ይሄ የተከተበ ነበር እኮ» አለ። ከእናንተ ወገን እስካሁን እውነቱን የነገረኝ ያ ልጅ ብቻ ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ የከተማ ሰው ሆኖ ውሻ ለምዶበት የሚያለቅስ ጡረተኛ አድርገው እንዳያዩኝ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሳለሁ ያበደ ውሻ ነክሶኛል። አባቴ በአውቶቡስ ይዞኝ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ፓስተር የሚባለው የክትባት ተቋም ወስዶኝ፣ በዚያን ጊዜ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረውን ክትባት ለአሥራ አራት ቀናት በየቀኑ ሆዴ ላይ ተወግቻለሁ። ሆዴ አብጦ ቀበቶ ማሰር አልችልም ነበር። ያው ውሻ የነከሰውን የመንደራችንን ልጅ ወላጆቹ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰዱት። እኔ ከአዲስ አበባ ስመለስ እሱ ውሃ በጣሳ ሲቀርብለት ጉሮሮው እየተዘጋ ይጮህ ነበር። ብዙ ቀን አልቆየም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት እንደሌለ ያኔ ማንም አልነገረኝም፤ አየሁት። እና በዚህ ከተማ ውስጥ «ውሾችን ተቆጣጠሩልን» ብሎ ለመጮኽ ከእኔ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ካለ ያምጡት።

የምጮኸው እናንተ የሠራችሁት ቁጥጥር ስላልሆነ ነው።

ያበደ ውሻ ብዙውን ጊዜ መዋጥ ያቅተዋል። ልጋጉ የሚዝረከረከውም ስለዚህ ነው፤ ጉሮሮው አይታዘዝለትም። እንግዲህ ሥጋ ጣሉለት፤ ማን ነው የሚበላው? የሚበላው ጤነኛው ነው፤ ሰው የለመደው፣ በር ላይ የሚተኛው፣ ኅዳር ላይ በገመድ ተስቦ መጥቶ የተከተበው። እብዱ ሥጋውን አልፎ ይሄዳል። ይህን እኔ ልንገራችሁ? ጽሕፈት ቤታችሁ ውስጥ ዲግሪ ይዘው የተቀመጡ ባለሙያዎች አሉ። ከመቶ ውሻ ሰባው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ እያጣ እንደሚጠፋ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እያንዳንዱ የተከተበ ውሻ በልጆቻችንና በበሽታው መካከል የቆመ አጥር ነው። እናንተ አጥሩን በገንዘባችን አሠርታችሁ፣ ማኅተም መታችሁበት፣ በአራት ወሩ በገንዘባችን አቃጠላችሁት።

የውሻው መብዛትም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። ከቄራው ጀርባ ያለውን ሜዳ ሄደው ያውቃሉ? አንጀቱ፣ ፈርሱ፣ ቀንዱ ሜዳ ላይ ይጣላል። ዓመቱን ሙሉ ውሻን የሚቀልበው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ነው። ጾም ሲገባ እርድ ይቆማል፤ ውሻ ግን አይጾምምና ተርቦ ወደ ሰፈር ይገባል። ያን ጊዜ «ውሻ በዛ» ይባልና መርዝ ይታዘዛል። አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ ክዳን ማበጀት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚነግረኝ ሰው ብፈልግ አጣሁ።

ሬሳዎቹን የጣላችሁበትን ገደል ሄጄ አይቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን አፋፉ ላይ አንድ ጥንብ አንሳና ሁለት ቁራ ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀው ነበር፤ መርዙ የበላውን የሚበላውንም ይገድላልና። ከሥሩ ያለው ምንጭ የማን ልብስ እንደሚታጠብበት፣ የማን ከብት እንደሚጠጣው ዘርዝሬ በሁለተኛው ማመልከቻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ፣ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት አምስት መቶ አይሞሉም። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የተጋባበት ይኸው በሽታ ነው። ገበሬው በባህሉ አውሬ ጠብቆ ሲኖር፣ እኛ ከተሜዎቹ የተከተበ ውሻ እንገድላለን።

ሕጉን አልጠቅስልዎትም ብዬ ነበር፤ ይወቁት እንጂ ምን ቸገረኝ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንስሳን በአደባባይ በጭካኔ ማሠቃየት ያስቀጣል ይላል። ጋሪ ነጂ ፈረሱን ሲገርፍ አይቶ የሚገሥጸው ደንብ አስከባሪ በዚያች ሌሊት የት ነበር? ሥጋውን ከሚያድሉት ጋር በመኪናው ላይ ነበር ይላሉ ያዩት።

ለቅሬታዬ የተሰጠኝን የቃል መልስ ደግሞ ሕዝብ ይስማው። ቀበሌው «ከላይ የመጣ ነው» አለ። ጽሕፈት ቤቱ «የጽዳትና ውበት ሥራ ነው» አለ። ጽዳትና ውበት «ባለሙያ የሰጠን መርዝ ነው» አለ። ኃላፊው ሦስት ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ሲገኙ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለምን አላሰሩትም?» ካርዱን አሳየኋቸው። ማኅተሙን አገላብጠው አዩት፤ የሌላ አገር ገንዘብ የሰጠኋቸው ይመስል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ነበር። በእኛ ሰፈር አሁን ጅብ ሲመጣም የሚጮኽ የለም። በግንቦት ብቻ ከጎረቤቴ በረት ሁለት በግ ወስዷል። ጎረቤቴ ምን አደረጉ መሰልዎት? ከገጠር ዘመድ አስልከው ቡችላ አመጡ። ከየት፣ ከማን እናት እንደተወለደ የሚያውቅ የለም። ከሞቱት ውሾች ቤቶች በአብዛኛው እንዲሁ ሆኗል፤ ካርድ የሌላቸው፣ ማሰሪያ የሌላቸው፣ አዳዲስ ቡችሎች። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አቅፋው ትውላለች፣ ፊቷን ይልሳታል። ሰኔ ላይ ቡችላውን በዘንቢል ይዤ ለማስከተብ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ክትባት አልቋል» አለኝ።

ክትባቱ አልቋል። መርዙስ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መርዙን ማን እንዳዘዘና በየትኛው በጀት እንደተገዛ በጽሑፍ ይመለስልኝ። የቄራው ተረፈ እርድ ይቀበር። ክትባቱ ከሚቀጥለው ጾም በፊት በየሰፈሩ ይሰጥ፤ በመስኮት ሳይሆን በዘመቻ። ካሣ አልጠየቅኩም። የውሻ ዋጋ ስንት ነው ብላችሁ ኮሚቴ እንዳታቋቁሙ።

ካርዱ ላይ አንድ መስመር ቀርቷል። «የሚቀጥለው ክትባት» ይላል፤ ከጎኑ በእናንተው ባለሙያ እጅ «ኅዳር 17 ቀን 2018» ተብሎ ተጽፏል። ቀጠሮ አክባሪ ሰው ነኝ። በዚያን ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካርዱንና ቀዩን ማሰሪያ ይዤ ቢሮዎ በር ላይ እገኛለሁ። ማሰሪያውን ያ የትራክተር ልጅ ፈትቶ ሰጥቶኛል። ውሻውን ከየት እንደማመጣው እርስዎ ይነግሩኛል።

የመቻል ባለቤት