ለቀበና ወንዝ ዳር ጎረቤቶቻችን ይድረስ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ሌሊት ቀበና ሞልቶ ቤታችን ገባ። ዕቃ ሄዷል፣ ሰው ግን አልጎደለብንም። ለዚህ የምናመሰግነው ሰው ብዙ ነው። በየቤቱ ዞረን አልጨረስነውም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይድረሳችሁ።

መጀመሪያ ሂዩስተን ላለችው እህቴ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሀሪኬን ሃርቪ ሲመታቸው አንዳንድ ሰፈር ከ1 ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶበታል። ከዚያ ወዲህ ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኳ አያርፍም። የእማዬ መድኃኒት ለብቻ ተቀምጧል? የቤቱ ካርታስ? ወዴት እንደምትሄዱ ተነጋግራችኋል? እንስቅባት ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈን የምን ሀሪኬን እንላታለን። አንዴ «ወንዙ ግን በራችሁ ላይ ነው አይደል?» አለችን። መልስ አጣን።

ፌስታሉን የሰቀልነው የዚያን ቀን ነው። በድርብ ፌስታል መታወቂያ፣ ካርታ፣ የእማዬ የደም ግፊት ክኒን፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ብር። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ። እማዬ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር «ይሄ ነገር ለእንግዳ ያስቀይማል» እያለች ነጠላ ትጥልበት ነበር።

የነሱ ማዕበል ግን ቀናት ቀደም ብሎ በቴሌቪዥን ይታያል። የኛ ጎርፍ እንጦጦ ላይ ዘንቦ ሳይታሰብ ነው ከች የሚለው። እኛ ጋ ካፊያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ከላይ ከደጋው በወረደ ውሃ ነው። ስለዚህ ለኛ ቴሌቪዥናችን ከላይ ያለ ሰው ነው።

እሱም እርስዎ ነዎት ጋሼ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮኑ ባለ ሱቅ። ሰፈር ቢለቁም እድሩን አልለቀቁም። በክረምቱ መግቢያ ስብሰባ ላይ «ወንዙ ድንጋይ ማንከባለል ሲጀምር እደውላለሁ» ብለው ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ። «ድንጋይ እያወረደ ነው፣ ሰው አውጡ።» ሰላምታ እንኳ የለም፣ ዘጉት። እንደዚያ ያለ ጥሩ ስልክ ተደውሎልኝ አያውቅም።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ አንተንም እግዜር ይስጥህ። ጥሩምባ ለቀብር ብቻ የለመደ ሰፈር ነው፤ ሁሉም «ማን ሞተ?» እያለ ነው የወጣው። አንተ ደግሞ «እስካሁን ማንም! ወደ ላይ ውጡ!» ትል ነበር። አሁን ይሄ የሰፈሩ ቀልድ ሆኗል። ያን ሌሊት ግን የሳቀ አልነበረም።

ቆጣሪ በየቤቱ ዞራችሁ ያጠፋችሁ ልጆች፣ 939 ስንደውል መጥታችሁ እስኪነጋ ያልተለያችሁን የእሳትና አደጋ ሠራተኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ የከፈታችሁልን፣ ከመስጊዱ በኩል ሻይ በፔርሙዝ ያመጣችሁ እናቶች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። የተደፈነውን ቱቦ አስመልክቶ በግንቦት ማመልከቻችንን ተቀብሎ «ነገ ኑ» ያለን ቢሮም አለ። የሱን ነገር ለሌላ ቀን ላቆየው።

በመጨረሻ እማዬን አዝሎ ያወጣት ልጅ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። ጨለማ ነበር። እሷ «ጀበናዬን ሳልይዝ አልወጣም» ብላ ስትሟገት፣ ጀበናውን በአንድ እጁ ይዞ፣ እሷን ጀርባው ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ። ውሃው ሲጎድል ጭቃውን ስናወጣ ከደጃፋችን አንድ የግራ እግር ቦቲ አገኘን፤ ጥቁር፣ 42 ቁጥር፣ ተረከዙ ላይ በሽቦ የተሰፋ። እማዬ አጥባ ፀሐይ ላይ አድርቃዋለች። አሁን ያለው ፌስታሉ የተሰቀለበት ሚስማር ላይ ነው። ባለቤቱ ይምጣና ይውሰድ። ጀበናውም አልተሰበረም፣ ቡና ጠጥቶ ነው የሚሄደው።